መሬት እንዳይሰጠው የሚሸሸው ሰው

ይሰማ! ጎርፍ ከሚወለድበት ከተራራው ግርጌ ጀምሮ ጎርፍ እስከሚሞትበት እስከ ጨው ዳርቻ ያለህ ባለሙዝ፣ ባለማሽላ፣ ባለምንም፣ ጆሮህን አቅና! ሹዒ ሃዲ የሚባል፣ ቁመቱ ከዶማው እጀታ እምብዛም የማይበልጥ፣ የቀኝ ጫማው ቡናማ የግራው ጥቁር የሆነ፣ ዕድሜውን እሱም መንግሥትም የማያውቁት ሰው በጥብቅ ይፈለጋል። አልሰረቀም። ሰው አልገደለም። የሚፈለገው መሬት ሊሰጠው ነው። ያየህ ጠቁም፣ የያዝህ ተሸለም!

እርግጥ አዋጁ እንዲህ ተጽፎ በየዛፉ አልተለጠፈም። ግን ከሩክባ እስከ መንሲያ ባለው በዋዲ ሐይጃ ሸለቆ ውስጥ ይህን የማያውቅ ፍየል እንኳ የለም። የላይኛው መንደር ባላባት ሼህ ሙቅቢል ሁለት ምስክርና አንድ የቃዲ ወረቀት በነጭ ፒካፑ ጭኖ ስድስት ወር ሙሉ አንድ ድሃ ያሳድዳል፤ ሊያበለጽገው። ድሃውም ስድስት ወር ሙሉ ይሸሻል፤ እንዳይበለጽግ። ያነበብናቸው በራሪ ወረቀቶች ሁሉ ድሃ መሬት ይጠይቃል፣ ባላባት ይከለክላል ነበር የሚሉት። ይህን ምዕራፍ የጻፈው የለም፤ ወይም ተጽፎ አይጥ በልቶታል።

ነገሩ የሚጀምረው ከሹዒ ሥራ ነው። ሹዒ የሸለቆው ሰባሪ ነው። የኛ ወንዝ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ሆኖ ይከርምና ክረምት ላይ ተራራው ሲዘንብበት ጥቂት ቀን ያብዳል። ዝናቡን እኛ አናየውም፤ የምናየው ግንድና የሞተ አህያ ተሸክሞ የሚወርደውን ቡናማ ደራሽ ነው። የላይኞቹ፣ የሩክባ ሰዎች፣ ወንዙ ላይ የአፈር ግድብ አቁመው ያበደውን ውሃ ወደ ማሳቸው ይመልሱታል። የታችኞቹ፣ የመንሲያ ሰዎች፣ ይጠብቃሉ። መንሲያ ማለት የተረሳችው ማለት ነው፤ ስም ያወጣላት ሰው ነገር ያውቅ ነበር። ደንቡ የቅድመ አያት ነው፦ መጀመሪያ ላይኛው ይጠጣ፤ ሱሃይል የሚባለው ኮከብ በወጣ በዐሥራ ሦስተኛው ቀን ግን ግድቡ ይሰበር፤ ከዚያ ወዲያ የመጣ ጎርፍ ሁሉ የታችኛው ይሁን።

ታዲያ ማን ይስበረው? የላይኛው ልስበር ቢል እጁ ይተሳሰራል። የታችኛው ልስበር ቢል እጁ ይቸኩላል። አባቶች ስለዚህ አንድ ብልሃት አገኙ፤ ሰባሪው በቤቱ አንድ ስንዝር መሬት የሌለው ሰው ይሁን አሉ። መሬት የሌለው ለማን ብሎ ያዳላል? ይህ ሰው ዶማውን አንሥቶ ሦስት ጊዜ ይመታል። ከሦስቱ ምት በፊት ግድቡን የነካ ሌባ ነው፤ የሩክባ ሰዎች ቢተኩሱበት ደሙ ደመ ከልብ ነው። ከሦስቱ ምት በኋላ ግን ሼሁም ቢሆን አፉን ይይዛል፤ መንሲያ በሙሉ ዶማውን ይዞ ይገባበታል። በዓመት ሦስት ምት! ከዚህ ያነሰ ሥራ ያለው ባለሥልጣን የለም ትሉ እንደሆነ፣ አለ፤ እሱ ግን መኪና አለው።

ሹዒ ይህን ሹመት ከሟች አጎቱ ወረሰ። ከአጎቱ ያልወረሰው ነገር ቢኖር መቀመጥን ነው። ሹዒ ሲቀመጥ አንድ ተረከዙ ብቻ ነው የሚቀመጠው፤ ሌላው እግሩ ለመነሣት ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ጉንዳን ዕንቁላሏን ተሸክማ ሽቅብ ስትወጣ ካየ ይነሣል። ከምሥራቅ የረጠበ አፈር ከሸተተው ይነሣል። ምንም ካልሸተተው ደግሞ፣ ለምን አልሸተተኝም ብሎ ይነሣል። በሠርጉ ቀን ሙሽራው ጠፍቶ ሲፈለግ ግድቡ ላይ ቆሞ ተራራውን ሲያይ ተገኘ ይባላል። ሚስቱ ሐማማ የመንሲያ ልጅ ናት፤ ምላሷ ከዶማው የተሳለ።

«አንተ ሰውዬ፣ ተቀመጥና ብላ!»

«ደመናው ዝቅ ብሏል እኮ።»

«ደመናው ቂጣ አይበላም። አንተ ብላና እሱ ዝቅ ይበል።»

ይቆማል፣ ቂጣውን ይቆርሳል፣ እየሄደ ይበላል። ሐማማ ለጎረቤቶቿ፣ «እኔን ያገባኝ ወንዙ ዕረፍት የወጣ ቀን ነው» ትላለች።

ጫማዎቹም የሥራው ናቸው። በሸለቆአችን ፊት ለፊት፣ በሁለት ምስክር መካከል፣ «ስጦታ ነው፣ ተቀበል» የተባለ ነገር እምቢ አይባልም። እምቢ ማለት የሰጪውን ቤት መርገጥ ነው፤ የረገጠ ሰው እሳት አይጫርለትም፣ ውሃ አይቀዳለትም። አንድ ዓመት አንድ የሩክባ ሰው ቡናማ ጫማ ሰጠው። መንሲያዎች ይህን ሰምተው ለላይኞቹ እንዳያዳላ ብለው ጥቁር ሰጡት። ሹዒ ሁለቱንም ተቀበለ፤ ከእያንዳንዱ አንዳንድ አድርጎ የቀሩትን ሰቀላቸው። እስከ ዛሬ ከዚህ የበለጠ ሚዛን የጠበቀ መንግሥት በሸለቆአችን አልታየም።

የውሃ ፕሮጀክት የሚባል ነገር ሲመጣም ይህን ሚዛን አልበለጠውም። ባለኮፍያ ፈረንጆችና ከከተማ የመጡ መሐንዲሶች ካርታ ዘርግተው፣ ብስኩት አድለው፣ የተቀናጀ የተፋሰስ ኮሚቴ የሚባል ነገር አቋቋሙ። ማኅተም ነበረው። አሸዋው መሃል የውሃውን ከፍታ የሚለካ ቀይና ነጭ ግንድ ተከሉ፤ ዛሬ አንድ የሩክባ ሰው ፍየል ያስርበታል። የኮሚቴው ጸሐፊ ፋሩቅ የሚባል ወጣት መሐንዲስ ነበር፤ ክፉ ልጅ አልነበረም፣ ብቻ ላም ባልዋለበት ኩበት ይለቅማል። ሹዒን ጠርቶ መዘገበው።

«ሙያህ?»

«እሰብራለሁ።»

«ምን ትሰብራለህ?»

«ግድብ።»

ፋሩቅ ብዕሩን አቆመ። እነሱ የመጡት ግድብ ሊሠሩ ነዋ! ጥቂት አሰበና «የማፍረስ ሥራ፣ የቀን ሠራተኛ» ብሎ ጻፈ። ሹዒ ግን ወረቀቱ ሳይደርቅ ወጥቶ ሄዷል፤ ጉንዳን አይቶ ነበር።

ኮሚቴው ሲሰበሰብ፣ ሼህ ሙቅቢል ለሙዙ ስድስት ፓምፕ ተከለ። ኮሚቴው ስለ ፓምፑ ሊነጋገር ሲሰበሰብ፣ ሰብሳቢው ሼህ ሙቅቢል ሆኖ ተገኘ። ከላይ ፓምፑ የከርሰ ምድሩን ውሃ ሲጠባ፣ ከታች ባሕሩ ባዶውን ቦታ እያየ ገባ። የመንሲያ ጉድጓድ ጨው ሆነ። እንዲህ ያለውን ጉድጓድ የሚያጣፍጠው ከላይ የሚመጣ ጎርፍ ብቻ ነው፤ አሸዋው ላይ ተኝቶ፣ ሰርጎ፣ ጨዉን ወደ ባሕር ገፍቶ። ግን አንዱ ዓመት ጎርፉ ከቀኑ በፊት መጥቶ አለቀ። በሚቀጥለው ዓመት ተራራው ሰሰተ። ሁለት ዓመት የመንሲያ ሻይ እንባ እንባ አለ፤ ስኳር ቢጨመርበት ባሰበት። ዐሥራ አንድ ቤተሰብ የገመድ አልጋውን በጭነት መኪና ጭኖ ሄደ። የመንሲያው ሽማግሌ ጀይላን፣ «ዘንድሮም ካልመጣ መስጊዱን ዘግቼ ቁልፉን ለዓሣዎቹ እሰጣለሁ» አለ። ሲቀልድ ሰው አልሳቀም።

በዚያ ዓመት በጋ ላይ የሐማማ ብቸኛ ወንድም ዘይለዒ በሰው አገር፣ በሥራ ላይ ሳለ፣ በወባ ሞተ። ሐዘኑ መንሲያ ተቀመጠ። ሼህ ሙቅቢል በግ ሰደደ። ራሱም መጣ፣ መሬት ላይ ተቀመጠ፣ አለቀሰ፤ ሲያለቅስ ያዩ ሰዎች ጥሩ አልቃሽ ነው ይላሉ። ከዚያም ለሐማማ፣ «እህቴ፣ ከወንድምሽ ማሳ ድርሻሽን ሰው እንዳይበላብሽ ከቃዲው ጋር እኔ እጨርሰዋለሁ» አላት። የቃዲው ወረቀት በሸለቆአችን ባለጉዳዩ ሳይሸብት ወጥቶ አያውቅም። የሐማማ በዐሥራ አንድ ቀን ወጣ። አህያ እንኳ ይህን ብታይ ጆሮዋን ታቆም ነበር።

ጀይላን ጆሮው ቆመ። «ሹዒ፣ ይህ ሰው ለማን ብሎ ነው በግ የሚያርደው?» አለው።

«ለሟች ነዋ፣ አጎቴ። ልቡ ራርቶ ይሆናል።»

«የማን ልብ?»

ሹዒ ወደ ሐማማ ዞሮ አየ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና! እውነቱን ለመናገር ሳሩ የእሱ አልነበረም፤ የሐማማ ደስታ ነበር። ድርሻዋ ዐሥራ ሁለት እርምጃ ስፋት ያላት፣ ከመንሲያም ጫፍ ያለች፣ ፍየል ዞር ብትልባት ጭራዋ የሰው ማሳ የሚነካባት ቁራሽ ናት። ሐማማ ማንበብ አትችልም፤ ወረቀቷን በጨርቅ ጠቅልላ ደረቷ ውስጥ አድርጋ፣ በየማለዳው ወደ ማሳዋ ወርዳ ጠጠር ትለቅም ነበር። ጠጠሩን በዳር በዳሩ ደርድራ ለራሷ ድንበር ሠራች። ሹዒ ከሩቅ ቆሞ ያያታል፤ ምንም አይላትም። የዚያን ሰሞን፣ ያዩት እንደሚሉት፣ በሁለት ተረከዙ ተቀምጦ ያውቃል።

ሱሃይል ወጣ። ዐሥራ ሦስተኛው ቀን ደረሰ። መንሲያዎች ወንዶቹ ዶማ፣ ሴቶቹ በቅርጫት ቂጣና ደረቅ ዓሣ ይዘው ወደ ግድቡ ወጡ፤ ልማዱ እንደዚህ ነው፤ የሚሰብረውን የምታበላው የታችኛዋ ሴት ናት። ከምሥራቅ ተራራው ጥምጣም አጥልቋል። አፈሩ ይሸታል። ጉንዳኖቹ እንኳን ዕንቁላላቸውን፣ ጥሬያቸውንም ተሸክመው ወጥተዋል። ሹዒ ከንጋት ጀምሮ ግድቡ ላይ ሲመላለስ አፈሩ መሃሉ ጎድጉዷል።

ሼህ ሙቅቢል ግድቡ ራስ ላይ ምንጣፍ አስነጥፎ፣ ሻይ በፔርሙስ አስመጥቶ ተቀምጧል። ከኋላው አራት ጠመንጃ። ከጎኑ ፋሩቅ፣ ከነማኅተሙ።

ሹዒ ቢስሚላህ ብሎ ዶማውን አነሣ።

«ሹዒ!» አለ ሼሁ፣ ከምንጣፉ ሳይነሣ። «እንኳን ደስ ያለህ።»

«በምን፣ ሼህ ሆይ?»

«ባለመሬት ሆነሃላ! ዶማህን አስቀምጥ ወንድሜ። ባለመሬት ግድብ አይሰብርም።»

ሹዒ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ሼሁ ከኪሱ የቃዲውን ወረቀት ግልባጭ አውጥቶ ለፋሩቅ ሰጠው። ፋሩቅ አነበበው፤ ሲያነብ ድምፁ እየቀነሰ ሄደ።

«የሐማማ ነው!» አለ ሹዒ። «የሚስት ንብረት የሚስት ነው፤ ሸሪዓው ያዘዘው ነው። እኔ ከዚያ ማሳ ጠጠር የለኝም።»

«ሸሪዓውን ማን ነካ? እኔ የምጠይቀው የሸለቆውን ደንብ ነው። አጎቴ ጀይላን፣ አንተ ጢምህ የሸበተ ሰው ነህ፣ ተናገር። ሰባሪው መሬት በስሙ የሌለው ነው ወይስ በቤቱ የሌለው?»

ሁሉም ወደ ጀይላን ዞረ። ሽማግሌው ተራራውን አየ፣ ሴቶቹን አየ፣ ምራቁን ዋጠ። ሊዋሽ ይችል ነበር። ግን ታችኛው ሰው ከደንብ በቀር ጠመንጃ የለው፤ ዛሬ እሱ ያጣመመውን ደንብ ነገ ላይኞቹ ይሰብሩታል።

«በቤቱ የሌለው» አለ።

«አላህ ያክብርህ! እውነተኛ ሰው። እንግዲህ ሌላ ሰባሪ ይመረጥ። ማን ይከለክላል? የሁለቱ መንደር ሽማግሌዎች ይቀመጡ፣ ይስማሙ፤ በወር፣ ቢረዝም በሁለት ወር ያልቃል ኢንሻአላህ።»

ከወር በኋላ ጎርፍ የለም። ይህን ፍየሎቹም ያውቃሉ።

«ምናልባት» አለ ፋሩቅ፣ «በሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ ተይዞለት…»

«አንተ ልጅ፣ ተራራውን ዞር ብለህ እየው!» አለው ጀይላን። «እሱ አጀንዳ ይይዛል?»

ከሩክባዎቹ አንዱ፣ አፉ የማያርፍ፣ «ምን ያስጨንቃችኋል? ፍታትና ስበር!» ብሎ ጮኸ። ወንዶቹ ሳቁ።

«አንተማ የምትፈታ ሚስት ይኑርህ መጀመሪያ!» አለች አንዲት የመንሲያ ሴት። ሴቶቹ ይበልጥ ሳቁ። ከላይ ነጎድጓድ ሲያጉረመርም ግን ሳቁ ቆመ።

ሹዒ ይመላለሳል። አምስት እርምጃ ወዲህ፣ አምስት እርምጃ ወዲያ። ወደ ሁሉም ያያል፣ ወደ ሐማማ አያይም። መንገዱ አንድ መሆኑ ገብቶታል፤ ያችን መንገድ ደግሞ እሱ ሊጠይቃት አይችልም። የሰበረው ሁሉ አፈር ነበር እንጂ የሰው ደስታ ሰብሮ አያውቅም።

«ተቀመጥ እንጂ፣ ሻይ ጠጣ» አለው ሼሁ።

ሐማማ ቅርጫቷን ከራሷ አወረደች። መጣች። ከደረቷ ጨርቁን አወጣች፣ ፈታችው።

«ሼህ ሙቅቢል፣ ይቺን ወረቀት ያወጣህልኝ አንተ ነህ አይደል?»

«ለአላህ ብዬ ነው፣ እህቴ።»

«በግም ሰደድህልን።»

«ወንድምሽን አላህ ይማረው።»

«አሚን። እኛ ቤት ግን ውለታ አይከርምም፤ ካደረ ይሸታል። መሐንዲስ፣ ቁም፣ ምስክር ሁን። አጎቴ ጀይላን፣ አንተም። ሼህ ሙቅቢል! በመንሲያ ያለችኝን ዐሥራ ሁለት እርምጃ ማሳ፣ ከነጠጠር ድንበሯ፣ ላንተ ሰጥቻለሁ። ስጦታ ነው፣ ተቀበል።»

ሻዩ ሼሁን አነቀው። ሲያስል ጠባቂዎቹ ጀርባውን ሊመቱት ዳር ዳር አሉ።

«እህቴ፣ እኔ መሬት ያጣሁ ሰው አይደለሁም። ለልጆችሽ…»

«ልጅ የለኝም። አነሰችብህ?»

«አነሰችበት!» አሉ ሴቶቹ በአንድ አፍ። «የድሃ ስጦታ አነሰበት!»

«አላነሰችም፣ ማን አለ…»

«እንግዲያው እጅህን ዘርጋ።»

ሼሁ ወደ ጠባቂዎቹ አየ። ጠባቂዎቹ መሬት መሬት አዩ፤ እነሱም የእናት ልጆች ናቸው፣ ማታ ቤታቸው ገብተው ምን ሊሉ ነው? የድሃ ሴት ስጦታ እምቢ ያለ ሼህ ጥምጣሙን ለፍየል ቢያስረው ይሻለዋል። እጁ ተዘረጋ። ወረቀቱ አረፈበት።

«ተቀብያለሁ» አለ። ድምፁ ከጨው ጉድጓድ የወጣ ይመስል ነበር።

ሹዒ አንድ መታ። ሁለት። ሦስት። ከዚያ ወዲያ ዶማ ስንት እንደሆነ የቆጠረ የለም። ሐማማ ጀርባዋን ለግድቡ ሰጥታ ቂጣ ትደረድር ነበር፤ የደረደረችውን ታነሣለች፣ ያነሣችውን መልሳ ትደረድራለች።

ደራሹ ከዐሥር ሰዓት በፊት ደረሰ። በተከፈተው አፍ ገብቶ፣ የፋሩቅን ቀይና ነጭ ግንድ እስከ አንገቱ አልብሶ፣ መንሲያ ገባ፤ ሁለት ቀን ተኛባት። በሳምንታት ውስጥ ጉድጓዱ ጣፈጠ። ጀይላን የመጀመሪያውን ሻይ ሲጠጣ «ወላሂ፣ ስኳር አብዝታችሁበታል» ብሎ ምራቶቹን ተቆጣ። ከዐሥራ አንዱ ቤተሰብ አራቱ አልጋቸውን ጭነው ተመለሱ። የዐሥራ ሁለት እርምጃዋም ማሽላ ከሰው ቁመት አለፈ። ያረሰችው ሐማማ ናት፣ የዘራችው ሐማማ፣ ጠጠሩን የለቀመችው ሐማማ። ሲታጨድ የሼሁ ጠባቂ ጆንያ ይዞ መጣ፤ የባለመሬቱን ግማሽ ወሰደ። ሐማማ የቀረላትን ግማሽ ተሸክማ የጠጠር ድንበሯን ሳታይ አለፈች።

ሼህ ሙቅቢል ሞኝ አይደለም። ከሐማማ ተምሯል፤ ለትምህርቱም አልከፈለም። ስጦታ እምቢ አይባልም ማለት ለሱም ይሠራል! አዝመራው እንደገባ ከባሕሩ ዳር ያለውን፣ ግመል እንኳ የማይልሰውን ጨዋማ መሬቱን በገመድ አስለክቶ ለመሬት አልባው ሁሉ ያድል ጀመር። «ለአላህ ብዬ» እያለ፣ ፊት ለፊት፣ በሁለት ምስክር። ወረቀቱንም ቃዲው አሳምሮ ጻፈው፦ የማይሸጥ፣ የማይለወጥ፣ ለሌላ የማይሰጥ፣ ለልጅ ልጅ የሚሻገር። የሐማማን መንገድ በቀለም ዘጋው ማለት ነው። ጫኙ፣ ዓሣ አጥማጁ፣ መቃብር ቆፋሪው፣ ለማኙም ጭምር፣ ሃያ ሦስት ሰው ባለመሬት ሆነ። ማንም እምቢ አላለም፤ እምቢ አይባልማ! ኮሚቴው በደብዳቤ አመሰገነው። እኛ መሬት ለአራሹ ብለን ጉሮሯችን እስኪደርቅ ጮኸን ያላገኘነውን እሱ በሦስት ሳምንት ፈጸመው፤ ለማይታረስ መሬት አራሽ አገኘለት።

በሸለቆው መሬት የሌለው አንድ ሰው ቀረ። እሱ በቀጠሮው ቀን መሬት አልባ ሆኖ ግድቡ ላይ ካልቆመ ሦስቱን ምት የሚመታ የለም፤ ካልተመታ መንሲያ ዳግመኛ ጨው ትጠጣለች፤ ያኔ የተመለሱት አራት አልጋዎች መመለሻ አይኖራቸውም።

ስለዚህ ሹዒ ይሸሻል። ስጦታው ፊት ለፊት ካልሆነ አይጸናምና ፊቱን ደበቀ። ለጁምዓ በየሳምንቱ ሌላ መስጊድ ይሰግዳል፤ ከኋላ ረድፍ፣ ሰላምታው ሳያልቅ ጫማውን ይዞ ይወጣል። የጓደኛው ልጅ ሠርግ ላይ ሩዙ ሲቀርብ ነጩን ፒካፕ አይቶ በማጀት በኩል ጠፋ፤ ሥጋውን አልቀመሰም። ፀጉር አስተካካይ ቤት ግማሽ ጢሙ እንደተላጨ ሼሁ በበር ገባ፤ ሹዒ በመስኮት ወጣ። ሁለት ሳምንት በግማሽ ጢም ኖረ፤ ከአንድ ወገን ያዩት ሽማግሌ፣ ከሌላው ወገን ያዩት ጎረምሳ ይሉታል።

«ያ ሹዒ!» እያለ ይጠራዋል ሼሁ ከመኪናው፣ ማር በሆነ ድምፅ። «ቁም እንጂ ወንድሜ፣ ምን አደረግሁህ?»

«እየመጣሁ ነው!» እያለ ይሄዳል ሹዒ።

ሐማማ ቂጣውን በጨርቅ አስራ ከግራር ሥር ታስቀምጥለታለች። ባለፈው ሳምንት ለአንድ አፍታ ተገናኙ።

«እግርህ አብጧል።»

«ጫማው ነው። አንዱ ይጠበኛል።»

«ስንት ቀን ቀረው?»

«ለሱሃይል አርባ። ከዚያ ዐሥራ ሦስት።»

«ትችላለህ?»

ሹዒ ከሩቅ አቧራ አይቶ ነበር። ቂጣውን ግማሽ አፉ ውስጥ አድርጎ ሄደ። ስትከተለው ሳይሆን ስትመርቀው ነው የሰማናት፦ «አላህ አያሳርፍህ!» በሸለቆአችን ከዚህ የበለጠ ምርቃት ዘንድሮ የለም።

እንግዲህ አንባቢ፣ ይህን ወረቀት አጥፈህ ኪስህ ከመክተትህ በፊት አንድ ነገር ልለምንህ። በመንገድህ ላይ ዶማ የተሸከመ፣ ጫማው ወንድምና እህት ያልሆነ፣ የሚያነክስ አጭር ሰው ብታይ፣ ደግ ልሁን ብለህ ና ቁጭ በል አትበለው። ውሃ ካለህ እየሄደ ይጠጣ። እሱ ካለፈ በኋላ ደግሞ ነጭ ፒካፕ አጠገብህ ቆሞ፣ መስተዋቱ ወርዶ፣ ጥምጣም ያደረገ ሰው በትሕትና፣ «ወንድሜ፣ አንድ ድሃ ልረዳ ፈልጌ ነበር፤ በየት በኩል ሄደ?» ያለህ እንደሆነ፣ ያኔ እባክህ አንተ…